ጆንያ የለበሰው ፒካፕ

ቴርሞስታቷን የጣላት አብዱሰመድ ራሱ ነው። ከዓመታት በፊት ዋጃ አጠገብ ሞተሩ ፈልቶ መንገድ ላይ ሲያስቀረው፣ ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የምትዘጋውን ያችን ትንሽ ክዳን ፈትቶ ማሽላው ውስጥ ወረወራት። የቆቦ ሾፌሮች ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። «የደገኛ ዕቃ ናት፤ እዚህ ሐሩር ውስጥ ምን ትሠራለች?» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ፒካፕ ፈልቶ አያውቅም። በደንብ ሞቆም አያውቅም፤ ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል።

ኅዳር ስልሳ ስድስት ላይ ግን ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ሆነ። ማሽላው ሁለት ዓመት ሳያፈራ ቀርቶ የእህቱ የሀጀራ እግር አብጧል፤ ሌላው አካሏ አጥንት ብቻ ነው። ደሴ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት። ቆቦ ውስጥ ቤንዚን ጠፍቷል፤ የቀረችው አንድ ጀሪካን ናት። ሞተሩ ሞቆ ከሄደ ደሴ ታደርሳለች፤ እንደ ልማዱ ከሄደ ውጫሌ ዳገት ላይ ታልቃለች።

ሦስት ቀን ለፋበት። ካርቡራተሩን አጠበ፣ ጎማዎቹን ነፋ፣ ክብደት ይቀንሳል ብሎ የጭነቱን ሳንቃ ነቀለ። ጎረቤቱ መካኒኩ አለሙ ደግሞ ነፋሱን እንዲከለክል ብሎ ጆንያ አጥፎ በራዲያተሩ ፊት አሰረለት። ባዶ ጆንያ በየቤቱ ሞልቷል።

«አይ አንተ! ለመኪናህ ጋቢ ስትደርብ፣ ለሚስትህ አንድ ቀን ደርበህ ታውቃለህ?» አለች ሀጀራ፣ ደግፎ ሲያስገባት።

«እሷ ቤንዚን አትጠጣም።»

ሳቋ ሳል ሆነ።

ጎህ ሲቀድ ወጡ። ሮቢትን ሲያልፉ የሙቀት መርፌዋ ከፍ ብላ መሐል ላይ ቆመች። ሞተሩ ሳያስነጥስ፣ ሳይንተፋተፍ ይሄዳል። አብዱሰመድ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ጎብዬ ላይ መንገዱ በሰው ተዘጋ። ዳር ተኝተው የነበሩት ፊት ለፊት የታሰረውን ጆንያ አይተው ተነሥተዋል።

«እህል ነው! እህል ይዟል!»

«ባዶ ነው፣ ወገኖቼ! ለሞተሩ ሙቀት ነው።»

«ለብረት ታለብሳለህ?» አለው አንድ ሽማግሌ። ስድብ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

አብዱሰመድ ወርዶ ጆንያውን ፈታና አራገፈው። ትንሽ አቧራ ወጣ። ሰዉ ወደየቦታው ተመለሰ። አንዲት ሴት ግን አልሄደችም። በክንዷ ሕፃን ይዛለች፤ ሕፃኑ አይንቀሳቀስም።

«ባዶውን ስጠኝ፣ ወንድሜ። የምጠቀልልበት የለኝም።»

ወደ ሀጀራ ዞረ። ሀጀራ ጋቢዋን ከትከሻዋ ማውለቅ ጀመረች።

«ተዪ፣ ይበርድሻል!» ብሎ ጮኸባትና ጆንያውን ለሴትየዋ ሰጠ።

ከወልድያ በኋላ መርፌዋ ወረደች። ሀጀራ ሁለት ጊዜ «ጋቢውን እሰርለት» አለችው፤ ሁለቱንም ጊዜ እንዳልሰማ ሆነ። መርሳን አለፉ። ውጫሌ ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ።

አብዱሰመድ መንገድ ላይ ቆሞ እጁን አነሣ። አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ሌላም አለፈ። ሦስተኛውን ብዙ ጠበቀው፤ አልመጣም። ሀጀራ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ተሸክሞ አወረዳትና ኮፈኑ ላይ አስደግፏት መዳፎቿን ብረቱ ላይ ዘርግቶ ያዘላት። ለብ ይል ነበር። ብረቱ እስኪበርድ ድረስ እንዲሁ ይዟት ቆመ።