ሁለት ዋንጫ ኮሶ

ያኔ አንኮበር ኮሶ የምንጠጣው ለሆዳችን ትል ብቻ አልነበረም፣ ለጉራም ነበር። ጎረቤታችን መሪጌታ ግን በየቤቱ እየዞሩ ማን ስንት እንደጠጣና ምን እንዳደረገው ጠይቀው በብራና ይጽፉ ነበር።

እኔንም ሲጠይቁኝ፣ «ሁለት ዋንጫ ጨልጬ፣ ወዲያው አሊዩ አምባ ገበያ ወርጄ ተመለስኩ» አልኳቸው። እውነቱ ግማሽ ዋንጫ ነበር፤ በዚያችም ቀኑን ሙሉ እንደ ሬሳ ተዘርሬ ነው የዋልኩት።

በወሩ ባለቤቴ ከንዳድ ተነሥታ፣ ነፋስ የሚወስዳት እስክትመስል መንምና ሳለች፣ ትሉ አስቸገራት። መሪጌታ መጥተው ብራናቸውን ገለጡ።

«ባልሽ ሁለት ጠጥቶ ገበያ ከወረደ፣ ላንቺ አንዱ አይከብድሽም» አሏት።

ዘልዬ ብራናቸውን ያዝኩ። «መሪጌታ፣ ዋሽቻለሁ! የጠጣሁት ግማሽ ነው፤ እሱም ጥሎኛል!»

«አንተ ከንቱ! ሚስትህን በምላስህ ልትገድላት ነበር እኮ!» አሉና የእኔን መስመር በቢላ ፋቁት። ከዚያ እንደ እሷ ከሕመም ተነሥተው የጠጡትን ሰዎች ከብራናው ፈልገው ሩብ ዋንጫ አዘዙላት።

ትሉ ወጣላት። በማግስቱ እኔን እስከ ሰባት ትውልዴ ለመስደብ አቅም አገኘች። ከዚያ ስድብ የሚጣፍጥ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም። ለመሪጌታና መጠኑን ሳይዋሹ ለነገሯቸው ጎረቤቶቼ እግዜር ይስጥልኝ።