ቁንዶ በርበሬ በጋቢ ሥር

አባቴ ከአገር ቤት ሊንውድ እኛ ዘንድ መጥተው ገና ዝናቡን እንኳ ሳይለምዱት «ትኬቴን አስተካክይልኝ፣ ልሂድ» አሉኝ። ምክንያታቸውን አልደበቁም።

«እናንተ ቀኑን ሙሉ ሥራ ናችሁ። ልጅቷ ደግሞ "ሃይ" ትለኝና ትሸሸኛለች። ምን አድርጌያት ነው?»

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸው ደግሞ ከእንግሊዝኛ የያዙት «ኦኬ»ን ብቻ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ወደዚያ ባዶ ቤት ብቻቸውን እንዲመለሱ ጨርሶ አልፈለግሁም።

በዚያው ሰሞን ልጄ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ክፍሉ በሙሉ የመካከለኛውን ዘመን ገበያ ሊጫወት ነው፤ አንዱ ቬኒስ፣ አንዱ ጄኖዋ፣ አንዱ ሕንድ ይሆናል። ለእሷ የካይሮ ሱልጣን ደረሳት። የፈለገችው ቬኒስን ነበር፣ መርከብ ስላላት። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስታኮርፍ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው መጡ።

«ምንድን ነው እሱ?»

አስረዳኋቸው፦ ቁንዶ በርበሬው ከሕንድ ተነሥቶ፣ በኤደን አልፎ፣ በቀይ ባሕር ወደ ግብፅ፤ ከዚያ በቬኒስ መርከብ ወደ አውሮፓ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ቅመም የነገዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ቦግ አለ።

«ታዲያ ምን ያስኮርፋታል? በሩን የያዘችው እሷ አይደለችም እንዴ! ቬኒስ እሷን ደጅ ሳትጠና ምን ልትቀምስ?» ቀጠሉና ጣታቸውን ከቀይ ባሕር ወዲህ ማዶ አሳርፈው «ኮረሪማችንስ የታለ? ማን ነው ይሄን የሣለው?» ብለው ተቆጡ። ልጄ ሳቀች፤ እርሳስ አንሥታ ሣለችው።

«ነይ እስኪ፣ እጅሽን አምጪ» አሏት። በወጣትነታቸው ለንግድ ድሬዳዋ ሲመላለሱ ከየመን ነጋዴዎች የተማሩትን ሊያሳዩአት ነው። ሻጭና ገዢ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ዋጋውን የሚነጋገሩት በጣት ነው። አንድ ጣት ከያዝክ አንድ፣ እጁን በሙሉ ከጨበጥክ አምስት። ዙሪያውን የከበበው ደላላ ምንም አያውቅም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሶፋው ላይ አንድ ጋቢ ደርበው ያለ ቃል ይከራከራሉ፤ አባቴም «ኧረ በሕግ! ዘረፈችኝ!» ይላሉ። እኔ እነሱን ሳይ ወጡ ያርብኛል። እነዚያ ምሽቶች እስከ ዛሬ ይናፍቁኛል፤ ቤታችን እንደዚያ ሞቆ አያውቅም።

ለገበያው ቀን ወላጅ ተጋብዞ ስለነበር ካፒቶል ሂል ሰፈር ካለው ሥራዬ የአንድ ቀን ኦፍ ወስጄ አባቴን ይዤ ሄድኩ። ሱልጣኗ የአያቷን ጋቢ ለብሳ ተኮፍሳለች። ቬኒስ የሆነው ልጅ እጁን ጋቢው ሥር ቢያስገባ ኮርኩራው ኖሮ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ፍንክች የለም። አባቴ ከኋላ ሆነው «እንዳትለቂው!» ብለው ሲጮኹ አስተማሪዋ ክው አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሶ፣ ቤት ደርሰን መኪናውን ፓርክ እንዳደረግሁ፣ ልጄ ከኋላ ወንበር ቃል እየፈለገች በአማርኛ ተናገረች።

«አባባ፣ የምትሄደው እኔን ስለማትወደኝ ነው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረው፣ ትኬት ትኬት ብዬ ስጨቀጭቅ የከረምኩት እኔ ይመስል፣ «ማን ነው እሄዳለሁ ያለው?» ብለው ጮኹብኝ።