የጋሽ ጉተማ ጆሮ

አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ዛሬም ካሴት የሚቀዳባት አንዲት ክፍል አለች። «በዚህ ዘመን ደግሞ ካሴት?» ትሉ ይሆናል። የድሮ አይሱዙ የሚነዱ ሾፌሮች አሉ፣ ስልክ መነካካት የማይወዱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሁሉም ወደ ጋሽ ጉተማ ይመጣሉ። እኔ አጠገባቸው ክርና ቁልፍ እየሸጥኩ ጨዋታቸውን ስሰማ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል።

ጋሽ ጉተማ የተወለዱት እዚሁ ነው፤ ያባታቸው የጤፍ ማሳ ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ በሚውልበት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጡ። ሲቀዱ አይቸኩሉም። የቴፑን ሄድ፣ ድምፁን ከካሴቱ ክር የሚያነሳውን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ይጠርጋሉ፤ ካሴቱን ዳር ድረስ አጠንጥነው ይመልሱታል፤ የድምፅ መለኪያዋ መርፌ ቀዩን እንዳትነካ ድምፁን ይቀንሳሉ። በፍጥነት የሚቀዳውን ቁልፍማ «ድምፅ ገዳይ» ብለው በፕላስተር አሽገውታል። ከዚያ በቀጭን ካቻቢቴ የሄዱን ብሎን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ፣ ድምፁ ጥርት እስኪል ያዳምጣሉ። መሣሪያቸው ጆሯቸው ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ሾፌሩ በቀለ የተቀዳለትን ካሴት መልሶ አመጣና «ጋሼ፣ ዘፋኟ ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው እንዴ?» አላቸው።

«አንተ ስፒከርህን አራግፍ፤ ሲሚንቶ ጠጥቷል!»

ተሳሳቅን። በኋላ በቀለ መኪናው ውስጥ ከፍቶ አሰማኝ። እውነትም ታፍኗል። ወርጄ ወደ ክርና ቁልፌ ተመለስኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ሳፊያ የምትባል ልጅ ከሳሪስ መጣች። የያዘችው ሟች እናቷ በአንድ ሠርግ ላይ በስልጥኛ ያዜሙበትን ካሴት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም። ጋሽ ጉተማ የካሴቱን ክር በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ቡናማ ዱቄት ወጣ።

«ልጄ፣ ይሄ ተበልቷል። አንዴ ቢጫወት ነው፤ ሁለተኛ አይደግምም።»

«እርስዎ ከያዙት አንዴም ይበቃኛል፣ ጋሼ።»

እየቀዱ ለቀቁት። የሴትዮዋ ድምፅ ክፍሏን ሞላት፤ ሳፊያ በሻሿ አፏን ያዘች። ጥቂት ቆይቶ የሠርገኛው ጭብጨባ መደንዘዝ ጀመረ። ዱቄቱ ሄዱን እየደፈነው ነው። ድሮ ቢሆን ጋሽ ጉተማ ወዲያው አቁመው ይጠርጉ ነበር። አሁን ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን በዜማው ይነቀንቃሉ። ሳፊያ ካሴቱ ስላረጀ መስሏት ዝም ብላ ታለቅሳለች። ድምፁ ከግድግዳ ጀርባ እየሆነ፣ እየራቀ ሄደ። ምን ብዬ ልንገራቸው፣ በደንበኛቸው ፊት?

«ጋሽ ጉተማ... ታፍኗል።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ያቁሙት!»

አቆሙት። የቴፑ ሄድ ጭቃ የተለቀለቀ መስሏል። ጥጡን አልኮል ነክረው መጥረግ ጀመሩ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«ዘጠኝ ደቂቃ ይሆነዋል።»

ሳፊያ «ያ ያለፈው ይመለሳል?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ጉተማ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ እኔ ዞሩ። «ጠጄ፣ እዚህ ተቀመጪ። ሲታፈን ንገሪኝ።» ቀሪውን እኔ እየሰማሁ እሳቸው እየጠረጉ ቀዳን።

ልጅቷ እንደወጣች ጋሽ ጉተማ ባለቤቶቹ ገና ያልወሰዷቸውን ቅጂዎች ከመደርደሪያው አወረዱና አንድ በአንድ ከፈቱልኝ።

«ይሄስ?»

«ታፍኗል።»

«የግንቦቱስ?»

«እሱም።»

«የጥር ወሩስ?»

ካሴቱን አውጥቼ ከታፈኑት ላይ ደረብኩት። ወንበር ስበው ላዩ ላይ ወጡና አምና ወደ ቀዷቸው፣ ወደ ላይኛው መደርደሪያ እጃቸውን ሰደዱ።

«ለዛሬ ይብቃ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ስሚ አልኩሽ» አሉኝ።