በባለቤቴ በኩል የሞቀው ፍራሽ

ሐሙስ ከሰዓት ከገበያ ገብቼ አልጋዬን ላነጥፍ እጄን ብርድ ልብሱ ስር ሰደድኩ... በግድግዳው በኩል ሞቋል። ሰው አሁን የተነሳበት ይመስላል።

ቤቱን ቆልፌ ነበር የወጣሁት። የምኖረው ብቻዬን ነው። በግድግዳው በኩል ይተኛ የነበረው ባለቤቴ ነው፤ እሱ ደግሞ ካረፈ ቆይቷል።

ፍራሹ አዲስ ነው። የድሮውን ስፖንጅ ያስጣለኝ ማንበብ ነው። አንዳንድ ስፖንጅ አዲስ ሲሆን የሚያወጣው ሽታ ደረት እንደሚያውክ ስልኬ ላይ አነበብኩ። ባለቤቴ ደረቱን ታሞ ሳለ ይመቸዋል ብዬ ስፖንጁን የገዛሁለት እኔ ነኝ። «ሽታው ከበደኝ» ሲለኝ፣ «አዲስ ነገር ሁሉ ይሸታል፣ ትለምደዋለህ» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁበት... ብርድ እንዳይመታው። ያን ካነበብኩ በኋላ እዚያ ፍራሽ ላይ መተኛት አቃተኝ።

ስለዚህ ሰኮሩ ገጠር ካለችው እህቴ ጓሮ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት ሣር አስመጣሁ። ሄርማታ ሰፈር ፍራሽ የሚሰፋው ሰውዬ አቡጀዲውን ሲሰፋ በጥያቄ አደከምኩት። ክሩ ጥጥ ነው? ጨርቁ ቀለም ነክቶታል?

«አዴ፣ ሊተኙበት ነው ወይስ ሊበሉት?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሐሙስ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እጄን እንደገና ሰደድኩ... አሁንም ይሞቃል። «ይቅር በለኝ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። ከዚያ በባዶ እግሬ ወጥቼ ጎረቤቴን ዘሃራን ጠራኋት።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል!»

«ዘሃራ... መጥቷል።»

«ማን?»

«እሱ። ቦታው ሞቋል።»

«አዑዙቢላህ!» አለችና በሩ ላይ ቀረች። ትንሽ ቆይታ እኔን ከኋላዋ አድርጋ ገባች። ፍራሹን ዳሰሰች፣ አሸተተች፣ ስፌቱን በቢላ ተርትራ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ያወጣችው ሣር እርጥብ ነው። ነጭ ሻጋታ ይዟል፣ እንፋሎት ይወጣዋል።

«ኤጋ፣ እንግዲህ ባልሽ ይኸውልሽ! ዕድሜ ልክሽን ቡና ስታሰጪ ኖረሽ፣ እርጥብ ነገር ሲከመር እንደሚግል ጠፋሽ?»

አልጠፋኝም። ሣሩ የመጣው በዝናብ ነው፤ ላይ ላዩን ዳስሼ ደርቋል ብዬ አስሞላሁት። እርጥቡ የተከመረው በግድግዳው በኩል ኖሯል። መርዙን ስፈራ እርጥበቱን ረሳሁት።

«ትንሽ ቀን ብትተኚበት ደረትሽን ይጨርሰው ነበር» አለችኝ። «ደግሞስ ሰውየው ቢመጣ ዝም ብሎ የሚተኛ ይመስልሻል? ወላሂ፣ መጀመሪያ ራቱን ነበር የሚጠይቅሽ!»

ሳቅን... እኔ እያለቀስኩ።

የሻገተውን ጣልነው። ሌላ ሣር ግቢ ውስጥ አስጥተን፣ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ እያገላበጥን አደረቅነው። አሁን ፍራሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ሽታም የለው።

ያን ቀን ይቅርታ የለመንኩት እርጥብ ሣር እንደነበር አውቃለሁ... ቢሆንም ልመናዬን መልሼ አልወሰድኩትም።