ከመጽሐፉ ማዶ የተማረው ሙሽራ

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ይህን ሳልናገር ሌላ ነገር መናገር አይሆንልኝም። በደብረ ታቦር ዙሪያ ዳዊት የሚደግም ሁሉ የኔታውን ይጠራል፤ እኔ የምጠራው የለኝም። ሚስት አግብቼ፣ ገብሴን እያረስሁ ነው የተማርሁት። በመንገድ የሚያልፈውን ደብተራም ዲያቆንም አቁሜ «ይህች ማን ትባላለች?» እላለሁ፤ አንዲት ፊደል ይነግረኛል፤ እኔም በከሰል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እጽፋታለሁ። በኋላ አንድ የእርሻ በሬ ሰጥቼ ያረጀ ዳዊት ወሰድሁ። ሚስቴ አለቀሰች። በሬው በወሰደው ሰው ቤት ዓመት ሳይሞላ ሞተ፤ ዳዊቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። ከእኛ ማን ልክ እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ።

ማስተማር የጀመርሁት ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ ሰፍረው፣ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ ብረት በሚያቀልጡበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መድፍ፣ አለዚያም ወታደሩ ስለሚበላው እህል ነበር። ስለ ፊደል የሚያወራ እኔ ብቻ ነበርሁ። ከቤቴ ደጅ ካለው ወይራ ሥር የመጣውን ሁሉ አስተምር ነበር።

በእኛ አገር መጽሐፉ አንድ ነው፤ ተማሪው ግን እንደ አሸን ይፈላል። ስለዚህ የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል፤ መምህሩ ጥላ ሥር ሆኖ ይሰማል፣ ወይም ያንቀላፋል። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የሚያበሳጩኝ አስቆጣሪዎቹ ናቸው። ትንሽ ያወቀ ሰው ሲያስተምር ከማየት ጥርስ መነቀል ይሻላል። መጽሐፉን ወደ ራሱ አዙሮ ይደላደላል፤ ምስኪኑ ተማሪ ቦታ አጥቶ ከማዶ ይንበረከካል። እኔ ቤት ይህ አይደረግም። ሁሉንም በአንድ ወገን አስቀምጬ ተራ በተራ ወደ መሃል አስገባቸዋለሁ። ይህንንም ቢሆን ማንም አልነገረኝም።

አንድ ዓመት፣ የመስቀል ሰሞን፣ ጢሙ ያቆጠቆጠ ጎረምሳ ከአንበሳሜ በኩል መጣ። የደብራችንን ቄስ ልጅ አጭቷል። ቄሱ ደግሞ ቁርጡን ነግረውታል። «ልጄን የምሰጠው ለዲያቆን ነው። ጳጳሱ በታኅሣሥ ዲቁና ሲሰጡ ካልተቀበልህ፣ ከገሳይ ሌላ ጠያቂ አለ፤ በጥር እድራታለሁ።»

«ማንበብ ትችላለህ?» አልሁት።

«እችላለሁ፣ የኔታ። ብቻ ሰው ፊት እፈራለሁ።»

«የፈራ አንባቢ አላየሁም፤ የማይችል ግን ብዙ አይቻለሁ» ብዬ ዳዊቴን ሰጠሁት።

በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ተሳለመው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ላዩን ወደ ታች አዞረውና እንደ ምንጭ ውኃ ይለቀው ጀመር። አንድም ፊደል አልሳተም።

«ትቀልዳለህ?»

«ኧረ የኔታ! እያነበብሁ እኮ ነው።»

«ገልብጠኸዋል!»

«ስማር እንዲህ ነበር።»

በቃሉ ይዞት ይሆናል ብዬ ሌላ ገጽ ገለጥሁ። አነበበ። ሌላም ገለጥሁ፤ አነበበ። መጽሐፉን አቃንቼ ስሰጠው ግን እንግዳ አገር እንደ ገባ ሰው ዓይኑ ተንከራተተ፤ «በ»ን ከ«ሰ» መለየት ተሳነው። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አስቆጣሪው ጓደኛው ነበር፤ መጽሐፉን ወደ ራሱ አድርጎ ይዞ፣ ይህን ልጅ የትምህርት ዘመኑን ሙሉ ከማዶ አስቀምጦታል።

«መምህርህስ? አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለው አላዩህም?»

«የኔታ ዓይናቸው ጠፍቷል። የሚሰሙት በጆሯቸው ነው። እሳቸውማ ከሁሉ እኔን ነበር የሚያመሰግኑ።»

ምን ይባላል? የዓይነ ስውሩን መምህር አልቀየምም። ዓይን እያለው ጓደኛውን ጉድ የሠራውን ያንን አስቆጣሪ ግን ባገኘው ወይራዬ ሥር አስሬ ሀሁን ከአናቱ አስቆጥረው ነበር።

«ጳጳሱ ደጅ ወንጌሉን ትገለብጣለህ?» አልሁት።

«ወንጌል ገልብጬ በድንጋይ ልወገር?» አለና እንባው መጣ። ልጅቱን ይወዳት ነበር። ለኔ አልነገረኝም፤ ግን ስሟን ለመጥራት በፈለገ ቁጥር «የቄሱ ቤት» ይል ነበር።

ፈተናው በወንጌል ነው፤ እኔ ያለኝ ዳዊት ብቻ ነው። የዳዊቴ ጽሕፈት ደቃቅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ግን ፊደሉ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ለጀማሪ ዓይን የሚሻለው እሱ ነው ብዬ ወደ ገበዙ ሄድሁ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በገበዙ እጅ ነው። በዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ መጻሕፍቱ በየማኅደራቸው ከግድግዳው ላይ ተሰቅለው፣ ከአይጥ በቀር ጠያቂ የላቸውም።

«ወንጌሉን ለአንድ ወር ያውሱኝ።»

«መጽሐፍ ከዕቃ ቤት አይወጣም።»

«እንግዲያው እዚያው ገብተን እናንብብ።»

«ጨለማ ነው፤ አይታይም።»

«መስኮቱን ይክፈቱታ!»

«አቧራ ይገባል።»

«ጌታዬ፣ መጽሐፉ የተጻፈ ሊነበብ አይደለም?»

ገበዙ ሳቁብኝ። «ሊነበብ ቢሆን ቁልፍ ምን ይሠራለታል? ደግሞስ አንቱ ከማን ተምረው ነው የሚያስተምሩት?»

«ከማንም። ያልተበላሸሁትም ለዚህ ነው» ብያቸው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን እስከ ዛሬ እንዳደረ ጎመን ቀዝቃዛ ነው።

እንግዲህ በዳዊቴ ጀመርን። ኅዳርን በሙሉ፣ እኔ አውድማ ላይ በሬዎቹን ሳዞር፣ እሱ ከክምሩ አጠገብ መጽሐፉን አቃንቶ ይቀመጣል። እሾህ ላይ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው ፊደል ከፊደል ይዘላል። ዞር ስል መጽሐፉ ይዞራል። መጽሐፉን በድንጋይ ጫን አድርጌ ባስቀምጠው አንገቱ ይዞራል፤ እንደ ዶሮ ተጣሞ፣ ከአናቱ በኩል ሊያየው ይታገላል። አገጩን በእጄ ይዤ አቀናው ነበር።

«አንገቱን ሊሰብሩት ነው!» ትላለች ሚስቴ፣ ገብሱን እያበጠረች። «አንገት የሌለው ሙሽራ ማን ያገባል?»

«አንገት ኖሮት ማንበብ ካልቻለስ ማን ይሰጠዋል?»

«እኔን ሲሰጡዎትስ ያነቡ ነበርን? በላቸው አንተ ልጅ» አለችው፤ እሱም ሳቁን ወደ ጭዱ ደበቀ። ሰው እንዲህ እየተሳለቀበት ያስተማረ ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ታኅሣሥ ሲደርስ ከአንድ መስመር በላይ ሳይደናቀፍ አይሄድም ነበር። ያችኑ አንድ መስመር ግን የትም ገጽ ላይ፣ በሐቅ፣ እያየ ያነብባት ጀመር። በዚህ ይዤው ወደ ጳጳሱ ደጅ ሄድሁ።

ደጁ ዲቁና በሚለምን ሰው ሞልቷል። ፈታኙ የሸመገሉ መነኩሴ ናቸው። ወንጌሉ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቷል፤ እየተጠራ የሚቀርበው ሁሉ ጥቂት ያነባል፤ «እለፍ» ወይም «ተመለስ» ይባላል። የልጅቱ አባት ከካህናቱ መሃል ቆመዋል። ከገሳይ የመጣው ጠያቂም ከነአባቱ ነጭ ለብሶ ቆሟል፤ ያለ ምክንያት አልመጣም።

የእኔው ጎረምሳ ተጠራ። ከአትሮንሱ ፊት ቆመ። ዝም አለ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ አኖረ፤ ደግሞ አነሣ። ከገሳይ የመጣው ሰው አባት «ምላሱን አንበሳሜ ረስቶት መጣ መሰለኝ» አለ፤ ሰው ሳቀ። ላብ በጆሮው ሥር ሲወርድ እኔ ካለሁበት አየሁት። ያን ጊዜ ምን እንደ ነካው አላውቅም፤ አትሮንሱን ዞሮ ከማዶ ቆመና፣ ከመጽሐፉ አናት በኩል አጎንብሶ ይለቀው ጀመር።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። አንዱ ዲያቆን ሊጎትተው እጁን ሰደደ። እኔም ሳላስበው «ተዉት! ይሰሙት!» ብዬ ጮኽሁ፤ የበረኛው ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ። መነኩሴው ግን እጃቸውን አነሡ። ገጹ አለቀ፤ እሳቸው ገለጡለት፤ ያኛውም አለቀ።

«ልጄ» አሉት፣ «በቅዳሴ ወንጌሉን ለቄሱ ዘርግቶ የሚይዝ ማን ነው?»

«ዲያቆኑ ነው፣ አባቴ።»

«ከየት ወገን ይቆማል?»

«ከማዶ።»

«እንግዲህ ቄሱ ሲሳሳት አንተ ታየዋለህ ማለት ነው። እኛማ ማን ያየናል ብለን ስንት ዘመን አለፍነው!» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ከካህናቱ አንዳንዶቹ ግን አልሳቁም። «ራስህ ስታነብስ? ወደዚህ ና፤ ሰው በሚያነብበት ወገን ቁም። አንዲት መስመር ብቻ።»

እሱ መጥቶ ቆመ። አንገቱ ሊጣመም ሲል አየሁና አገጬን በእጄ ያዝሁ፤ አየኝ፤ ቀጥ አለ። ቀስ እያለ፣ ፊደል ከፊደል እየዘለለ፣ ያቺን መስመር እስከ ነጥቧ አደረሳት።

«እለፍ» አሉት።

የልጅቱ አባት እዚያው ከሕዝቡ ፊት «ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ። እኔም ሊያመሰግኑኝ ይመጣሉ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልሁ። እሳቸው ግን አማቻቸውን አቅፈው «ከማዶ ማንበብ ያስተማረህ ማን ነው?» ይሉታል! እሱም፣ ውሸት የማያውቅ ምስኪን፣ «አስቆጣሪ ጓደኛዬ ነው» አላቸው።

በጥር ሠርጉ ላይ ያ አስቆጣሪ ከሚዜዎቹ ጎን ተቀምጦ ጮማ ይቆርጥ ነበር። እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ንፋስ በሚመታው ቦታ ተቀመጥሁ። በዚያ ላይ ከሰው ሁሉ ጆሮዬ የሚገባው «ልጄን እኔም ከማዶ አስቀምጬ ላስተምረው» የሚል ወሬ ነው። እንግዲህ የአገሬ ሰው ይህ ነው፤ ጥፋቱን ከሰማ ይመኘዋል፣ ልፋቱን አያየውም። ጠላውን ቀምሼ ልሄድ ስነሣ ሙሽራው ከመደቡ ወርዶ መጣ፤ ጉልበቴን ሳመ።

«የኔታ፣ ያቺ አንዲት መስመር ባትኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ የተቀመጠው የገሳዩ ሰው ነበር» አለኝ በጆሮዬ።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቃለሁ» አልሁት። «ዙርና ለእነሱ ጮክ ብለህ ተናገር።»