ለፊታውራሪ የሎርዱን አያቶች ስተረጉም

በስድሳ ስድስት በጋ፣ ቆቦ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪ አስጠሩኝ... ስማቸውን ልተወው፤ ልጆቻቸው ፌስቡክ ላይ አሉ።

ረሃቡ የበረታበት ጊዜ ነው። ከዋጃም ከጎብዬም ከብቱ ያለቀበት ሰው መንገድ ዳር ወጥቷል። ፊታውራሪ ደጅ ላይም ብዙ ሕዝብ ተኮልኩሏል። ጉድጓዳቸው ውስጥ የደጉ ዘመን ማሽላ እንዳለ አገር ያውቃል።

እኔን የጠሩኝ ግን ለመጽሐፍ ነበር። እርዳታ ይዞ የመጣ አንድ እንግሊዛዊ፣ መኪናው ተበላሽቶበት እሳቸው ቤት አድሮ ነበር። የሎርድ ልጅ ነው። ሲሄድ ለመስተንግዶው ምስጋና ብሎ፣ ስለ አያቶቹ ቤት የተጻፈ ባለሥዕል መጽሐፍ ሰጣቸው። ቤት ስላችሁ... ቆቦ ከነገበያዋ ሳሎኑ ውስጥ ትገባለች።

የልጁ አያቶች እንዴት እዚህ ሀብት ላይ እንደደረሱ ማወቅ እፈልጋለሁ አሉኝ ፊታውራሪ። እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሎርድ የንጉሡ የአደን ውሾች ጠባቂ ነበር። ንጉሡ አንድ ገዳም ዘግተው የመነኮሳቱን መሬት ሰጡት ይላል። ፊታውራሪ ደንግጠው አማተቡ። አማትበው ሲጨርሱ ስንት ጋሻ እንደሚሆን ጠየቁኝ።

የልጅ ልጁ ደግሞ ቤቱን አስፋፋው። በመስኮት ሲመለከት የገበሬዎቹ መንደር ፊት ለፊት እየታየ ስላስቀየመው፣ መንደሩን አስፈርሶ ከኮረብታው ጀርባ ወሰደው። ፊታውራሪ እዚህ ላይ አስቆሙኝ።

«ለመስኮቱ ብሎ ብቻ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ንጉሡ ምን አሉት?»

ገጹን ገለጥኩ። «እራት ሊበሉ መጡ ይላል።»

ፊታውራሪ ተነስተው በመስኮታቸው ወደ ደጁ አዩ... ቆይተው ቆይተው አዩ።

በማግስቱ ስመጣ ደጁ ጭር ብሏል። ዘበኞቹ ሰዉን ሁሉ እየገፉ ከወንዙ ማዶ አሻግረውታል። ከደሴ ሹማምንት ይመጣሉ ስለተባለ ግቢው እንዲያምር ነው አሉኝ። ወንዙ ማዶ ጥላ የለም። የእርዳታ መኪናም በዚያ አያልፍም። የሞተ እንግሊዛዊ በእኔ አፍ ቆቦን ማስተዳደር ጀመረ ማለት ነው።

ፊታውራሪ ምሳቸውን በልተው ሲያበቁ ቀጥል አሉኝ። ቀጣዩ ሎርድ እድሜውን የፈጀው በፈረስ ግልቢያና ከጣሊያን አገር ሐውልት በማስመጣት ነው። እኔ ግን መጽሐፉ ላይ የሌለውን ማንበብ ጀመርኩ። በዚህኛው ሎርድ ዘመን ክፉ ቀን መጣ አልኩ። ዝናብ ጠፋ፣ ከብት አለቀ። ሎርዱ የተባረረውን ሕዝብ ወደ ደጁ መልሶ፣ ጎተራውን ከፍቶ፣ እስኪዘንብ ድረስ ቀለበው።

ፊታውራሪ ጠረጠሩኝ። የትኛው እንደሆነ በሥዕል አሳየኝ አሉ። ከውሻው ጋር የቆመ አንድ ወፍራም ሰውዬ አሳየኋቸው። ሆዱን አይተው፣ እህል እንደነበረው አመኑ።

«ከዚያስ? ምን አገኘ?»

ጽድቅ ብላቸው ለጽድቁ ንስሐ አባት አለኝ ይሉኛል። «ማዕረግ ተጨመረለት» አልኩ።

«ከፊታውራሪ ወደ ደጃዝማች እንደማለት?»

«እንደዚያው ጌታዬ።»

ደጃዝማችነት ሲጠብቁ ጠጉራቸው እንደሸበተ ቆቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ጉድጓዱ ይከፈት፣ ሰዉም ይመለስ ብለው አዘዙ።

ማሽላው ሲሰፈር እኔም ቆሜ ነበር። ከዋጃ የመጡ እማማ ከድጃ የሚባሉ ሴትዮ ድርሻቸውን ተቀብለው አጠገቤ አረፍ አሉ። አንዲት የልጅ ልጅ ይዘዋል። ሌላዋን ወንዙ ማዶ ቀብረው ነው የመጡት። የፊታውራሪን ልብ ማን እንዳራራው ጠየቁኝ። አንድ ድሮ የሞተ እንግሊዛዊ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና...

«አላህ ጀነት ያግባው» አሉ። እኔ አሚን ማለት አቃተኝ።

ብዙም ሳይቆይ የሎርዱ ልጅ ተመልሶ መጣ። የመጣው ደግሞ የራሱን አስተርጓሚ ይዞ ነው። እኔ ጥግ ተቀምጬ፣ እስከ አላማጣ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ አስባለሁ። ፊታውራሪ መጽሐፉን አስመጡና ሥዕሉን ገለጡለት።

«ወፍራሙ አያትዎ በክፉ ቀን ጎተራቸውን እንደከፈቱ፣ እኔም ጉድጓዴን ከፈትኩ» አሉት።

አስተርጓሚው አንድም ሳያስቀር ነገረው። እንግሊዛዊው ሥዕሉን አየ። ፊታውራሪን አየ። መልሶ ሥዕሉን አየ... ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«በቤታችን ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው» አለ። «እኔም ከአባቴ ሰምቼዋለሁ።»

ብዕር አውጥቶም እዚያው ገጽ ዳር ላይ ጻፈው። ሲታተም የተረሳ ነገር ስለሆነ፣ አገሩ ሲገባ እንደሚያስጨምረው ነገራቸው። እኔ ትንፋሼን የለቀቅኩት መኪናው ሲነሳ ነው።

ፊታውራሪ ክረምቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ የሹመት ወሬ ሲጠብቁ ከረሙ። መስከረም ላይ ሿሚው ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ።

ማሽላው ግን ተበልቶ ነበር።