የባላምባራስ ውሃ

ባለፈው ኅዳር የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ የዓሣ መስታወት ገዝቶ መጣና እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሳሎናችን ውስጥ አስቀመጠው። ውሃውን የሚያሞቅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዘንግ አለው። ዓሣው ቀይ ነው፤ ክንፉ እንደ ሐር ይንሳፈፋል። ልጁ የዓሣውን ዓይነት ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት "ቤታ ነው" ብዬ ቀደምኩት። ከየት እንዳወቅኩ ሲጠይቀኝ ድሮ አይቼ ነው አልኩት። ነገሩ ግን ከዚያ ይረዝማል።

በወጣትነቴ ሥራዬ መስታወት መቁረጥ ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ የተሰበረ የመስኮት መስታወት እየለቃቀምኩ፣ እጄን እየቆረጠኝ የለመድኩት ነው። ያኔ በከተማችን ያስተምር የነበረ አንድ ሕንዳዊ መምህር የመስታወት ሣጥን አዘዘኝ። ጠርዙን በቆርቆሮ ይዤ፣ በስቱኮ ደፍኜ፣ ጠብታ እንደማያፈስ ደጋግሜ አይቼ ወሰድኩለት። ከአገሩ ያመጣውን ዓሣ እዚያ ውስጥ አኖረው። በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ሣጥኑንም ዓሣውንም ለእኔ ተወልኝ፤ ብርድ ስለሚገድለው ሙቅ ቦታ እንዳኖረው አደራ ብሎ።

በቤታችን ሙቅ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የወንድም ጋሼ ክፍል። ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ጣርማበርን ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ፣ ሳንባውን ታሞ ተኝቶ ነበር። እናታችን ከአጠገቡ ከሰል አታጠፋም። ሣጥኑን ከአልጋው ትይዩ አስቀመጥኩ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በባና እጠቀልለዋለሁ፤ ሙቀቱን የምለካው ክርኔን ነክሬ ነበር።

ወንድሜ ዓሣውን ገና ሲያየው "ካባ ደርቧል እኮ! ባላምባራስ ነው" አለ፤ ስሙ በዚያው ጸና። ባላምባራስ ያለ አሽከር አይኖርም ብሎ ሲያስቸግረኝም አሊዩ አምባ ወርጄ ከቆላው ወንዝ ሽሪምፕ በቅል ይዤለት መጣሁ፤ ጥፍር የሚያካክሉ፣ አካላቸው እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ፣ ባለ ብዙ እግር የውሃ ፍጥረቶች ናቸው። ደቃቆቹን ዓሣው በላቸው፤ ጠና ጠና ያሉት ተረፉ። "አሽከሩን የበላ ሹም እሱ የመጀመሪያው አይደለም" ብሎ ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው።

ዓሣው አንዳንድ ቀን ከውሃው ላይ ነጭ አረፋ ይሰበስባል። መምህሩ እንደነገረኝ ወንዱ ለልጆቹ የሚሠራው ጎጆ ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው "ሚስት ሳይኖረው?" አለኝ። እሱም አላገባም ነበር።

ብርዱ ሲቃረብ አንድ ጠዋት እናቴ አጥሚት ይዛለት ገባች። "እማዬ፣ ባላምባራስ ታኅሣሥን ካለፈ እኔም አልፋለሁ" አላት። ለጨዋታ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ሣጥኑን ነበር፤ ቀጥሎ ልጇን።

በኅዳር መጨረሻ ለአንድ ሱቅ መስታወት ልገጥም ደብረ ሲና ወርጄ አደርኩ። በማግሥቱ የንስሐ አባታችን ለበሽተኛው ጠበል ሊረጩ ይመጡ ስለነበር እናቴ ያን ቀን ቤቱን ስታሰናዳ ሣጥኑ አረንጓዴ ለብሶ አየችው። አባ ይህን አይተው ምን ይላሉ ብላ፣ ዓሣውንና አሽከሮቹን በማሰሮ አቆየቻቸውና መስታወቱን በእንዶድ ፈትጋ አጠበችው። ነጠላ የሚያነጣ እንዶድ መስታወት ያጠራል ብላ ነው። አለቃልቃ፣ ለብ ያለ ውሃ ሞልታ መለሰቻቸው።

ስመለስ ባላምባራስ በጎኑ ተንሳፍፏል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

"ጠዋት እኮ ጎጆውን አሳምሮ ሠርቶ ነበር" አለችኝ።

አረፋው አሁንም ከውሃው ላይ ነበር። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። እንዶድ ነው። ቀና ስል ወንድሜ እያየኝ ነበር። እሱ በቆላ መንገድ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ አይቷል፤ ቀድሞኝ አውቋል።

አፌን ሳልከፍት "ብርድ ነው" አለ። "ሌሊት ልየው ብዬ ባናውን የገለጥኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። መልሼ መሸፈን አቃተኝ።"

እናቴ ጎንበስ ብላ ሣጥኑን ስታይ ቆየች። ከታች፣ ብርድ የማያውቁት የቆላ አሽከሮች ምንም ሳይሆኑ በጠጠሩ ላይ ይርመሰመሱ ነበር።

እሷ ስትወጣ ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። "እንዳትተነፍስ። እኔ ስሞት፣ ገደልኩት ብላ የምታለቅሰው ለዓሣው ብቻ አይሆንም።"

እሺ አልኩት።

ታኅሣሥን አለፈ። በጥር፣ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ቀበርነው። ታኅሣሥን እኮ አልፎ ነበር ብዬ ላጽናናት አሰብኩና ተውኩት።

አርባው ሳይወጣ አንድ ጠዋት ጓሮ ስወጣ አጥሩን ተጠምጥሞ የነበረው እንዶድ ከነሥሩ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። ከዚያ ወዲያ እናቴ እስክትሞት ድረስ ልብስ ያጠበችው ሽታውን በምትጠላው ሳሙና ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

አሁን ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ዓሣውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። የወንድሜን ውሸት ዕድሜዬን ሁሉ ደግነት እለው ነበር፤ ደግነትም ነው። ግን እዚህ ስቀመጥ የሚመጣብኝ ሌላ ሐሳብ ነው። እውነቱን ፊት ለፊት ቢነግራት ኖሮ፣ ይቅር ሊላት ታኅሣሥን ሙሉ ጊዜ ነበረው።